ጉድጓዱን ያጠረች ሴት

ቀዳማዊ የኪቦርዱን ቁልፎች ለስለስ አድርጎ መነካካት ሲጀምር ሙሉወርቅ ገባት፤ ሊያስወርዷት ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነቱ የረዘመበትን ሰው «በቃህ» የሚል የለም። ሙዚቃው ከስር ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከፍ ይላል፣ ዘማሪዎቹ ይቀበሉታል፣ ተናጋሪውም ሳይታወቀው ማይኩን አስረክቦ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ስንቱ ሲወርድ እያየች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቃለች። ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ።

ማይኩን ግን አልሰጠችም።

«ቀዳማዊ፣ እጅህን አንሳ እስቲ» አለች ወደ ኪቦርዱ ዞራ። «ገና መች ጀመርኩ።»

ከኋላ አግዳሚዎች ሳቅ ተሰማ። ወጣቱ ደንግጦ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«መስክሪ ተብዬ ነው የወጣሁት፤ ልመስክር። ባለፈው እሑድ የዘመነች ልጅ ሆሳዕና ጓሯችን ያለው ውሃ ውስጥ ገባች። ጌታ አወጣት። ስሙ ይባረክ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

«አሜን። ያወጣት ጌታ ነው፤ ተስማማን። የቆፈረውስ?»

አሜን የሚል ጠፋ።

«የቆፈርነው እኛ ነን። ሳናጥር የተውነውም እኛ ነን። ውሃ ሲሞላበት እያየን ዳር ዳሩን የዘመርንበትም እኛው። ልጅቷ ከገባች ሳምንት ሞላ፤ ጉድጓዱ ዛሬም አፉን እንደከፈተ ነው። ምንድን ነው የምንጠብቀው? ሁለተኛ ምስክርነት አማረን?»

ከፊት ወንበር ጋሽ ጥሩነህ ሁለት ጣታቸውን አነሱ። ቀዳማዊ የሚያውቀው ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ ኪቦርዱ አልተለሳለሰም፤ ከነምቱ ገባ፣ ዘማሪዎቹ ብድግ አሉ፣ የሙሉወርቅም ማይክ ድምፁ ጠፋ። እሷ ግን የቀራትን ተናግራ እስክትጨርስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታየ። ምን እንዳለች የሰማ የለም። ከዚያ ማይኩን መድረኩ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በራሷ ጊዜ ወረደች።

ቤተ ክርስቲያኗ ከቀራንዮ ወደ አስራ ስምንት ማዞሪያ ሲመጡ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች የቆርቆሮ አዳራሽ ናት። ሰው በዝቶ እሑድ እሑድ በመስኮት እየተንጠለጠለ የሚሰማ ስለነበረ፣ ከጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ትልቅ አዳራሽ ሊሠራ ታሰበ። እናቶች የጆሮ ጉትቻቸውን እያወለቁ ሰጡ። ጥር ላይ ኤክስካቫተር ገብቶ ለምድር ቤቱ ቆፈረ። ከዚያ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ ሥራው ቆመ፣ ክረምቱ ገባ። ሰኔ ሳያልቅ ጉድጓዱ ማኪያቶ የመሰለ ውሃ ሞላው።

በዚያው ሰሞን ከሌላ ከተማ አንድ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ጉድጓዱ ዳር ቆመና እጁን ዘረጋ። «እንደ ኢያሪኮ ዙሩት» አለ። «የኢያሪኮ ግንብ ሲዞሩት ወደቀ፤ የእናንተ ሲዞሩት ይነሣል። ሕፃናትም ይቅደሙ።» ሕዝቡ በእንባ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓዱን እየዘመሩ መዞር ልማድ ሆነ። የጾም ጸሎቱ ሳምንት በሚያልቅበት ቅዳሜ ደግሞ ልጆቹ ከፊት ቀድመው ሰባት ጊዜ እንዲዞሩ ነበር የታሰበው።

ችግሩ የጉድጓዱ አንዱ ጎን ነው። በሦስቱ በኩል መሬቱ ሰፊ ነው። በአራተኛው ግን ቁፋሮው እስከ ጎረቤት የግንብ አጥር ድረስ ሄዶ፣ ለመሄጃ የቀረው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ ጠርዝ ብቻ ነው። ሸክላ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ከስሩም ውሃው እየበላው ነው። ሽንት ቤቱ ከዚያ ማዶ ስለሆነ የሰንበት ትምህርት ልጆች የሚመላለሱት በዚያው ነበር።

ሆሳዕና የገባችው ከዚያ ተንሸራታ ነው። ሙሉወርቅ የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል ብላ ታምን ነበር። ሆሳዕና አልጮኸችም። የጮኹት ሌሎቹ ልጆች ናቸው። ሙሉወርቅ ስትደርስ ያየችው ሽቅብ ያንጋጠጠች ትንሽ ፊትና፣ መሰላል የምትወጣ ይመስል ውሃውን ወደ ታች የሚጫኑ ሁለት እጆች ብቻ ነው። ሦስት ወንዶች ዳር ቆመው ነበር፤ አንዳቸውም ዋና አያውቁም። አንደኛው ኮቱን ጥሎ ሊዘል ሲል ቀበቶውን ከኋላ ያዘችው።

«ሁለት ሬሳ እንድናወጣ ነው? አግዳሚ አምጡ! ረጅሙን!»

አግዳሚውን ከአዳራሹ እየጎተቱ አመጡ። መሬቱ ሰፋ ከሚልበት ጥግ አንዱን ጫፍ ወደ ውሃው ገፉት፤ በሌላው ጫፍ ሦስቱም ተቀመጡበት። ሙሉወርቅ ጭቃው ላይ በደረቷ ተኝታ «የኔ እናት፣ እግሩን ያዢ! የወንበሩን እግር!» አለች። ልጅቷ ያዘች። ስትወጣ ከአፏ የወጣው ውሃ ቀይ ነበር፤ ደም የመሰላት እናቷ ዘመነች ራሷን ሳተች። ጭቃ ነው።

ሕዝቡ እዚያው ተንበርክኮ አመሰገነ። ሙሉወርቅም አብራ ተንበርክካ አልቅሳለች። ግን ከተንበረከከችበት ቀና ስትል፣ ሌሎቹ ልጆች በዚያው ጠርዝ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ አየች።

የእሑዱ አገልግሎት ካለቀ በኋላ ጋሽ ጥሩነህ ከአዳራሹ ጥላ ስር ጠበቋት። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ስትጀመር የተሰበሰቡት በእሳቸው ሳሎን ነበር።

«አሳፈርሽን» አሉ።

«ልጅ ቀብረን ከምናለቅስ አፍረን ብንገባ ይሻላል፣ ጋሼ።»

«ማን ሞተና ነው ቀብር የምታወሪው?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምለው። እስቲ ልጠይቅዎ። ያን ሁሉ ዘመን አውቶቡስ ሲነዱ፣ ጌታ ይጠብቃል ብለው በሩን ሳይዘጉ ተነሥተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ጥሩነህ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ልጅ! በሩንም ፍሬኑንም ጸልዬ ነበር የምይዘው።»

«ጸለዩ፤ ግን ያዙት። እኔስ ምን አልኩ? ጸልየን እንጠር ነው ያልኩት።»

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ወደ ጉድጓዱ በኩል አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ሙሉ። ሰው እዚህ ውስጥ ጉትቻውን ጥሏል። የታጠረ ጉድጓድ የቆመ ሥራ ነው። ቆርቆሮ ያየበት ቀን ሁሉም "በቃ፣ ቀረ" ብሎ ይበተናል። ክፍቱን ካየው ግን ነገ ይጀመራል ብሎ ይጠብቃል። ደግሞም ዙሩ ተብለናል። በአጥር እንዴት እንዙር? ጠባቡ ጋ አጥር ከገባ መተላለፊያም የለ። እኔም ዕድሜዬ ሄዷል። አዳራሹን ሳላይ ልሙት?»

ሰውዬው ከልባቸው ነው። ክረምቱን ሙሉ ለኮንክሪት የተገዛውን ብረት ሲጠብቁ ያደሩት እሳቸው ናቸው።

«ያዩታል ጋሼ» አለች ሙሉወርቅ። «ግን ልጆቹም ይዩት።»

ፓስተር አምላኩ መጡና ሁለቱንም ትከሻ ትከሻቸውን ያዙ። ወጣት ናቸው፤ ጠብ አይወዱም። «እህት ሙሉወርቅ፣ ሸክምሽ ገብቶኛል። በጾም ጸሎቱ ሳምንት ለጌታ እናቀርበዋለን።»

«ጌታ አጣና አይሸጥም፣ ፓስተር። እኔ ነኝ የምሸጠው።»

እውነቷን ነው። አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አባቷ ከከፋ መጥቶ የከፈተውን የእንጨት ንግድ ይዛለች። ሰፈሩ ውስጥ ፎቅ የሚሠራ ሁሉ መወጣጫ አጣናውን ከእሷ ነው የሚወስደው። ሰኞ ጠዋት ጋሪ ሙሉ አጣና አስጭና፣ ጉተማ የሚባለውን አናጢ ይዛ መጣች። በሦስቱ ሰፊ ጎኖች ከጠርዙ ራቅ አድርገው ተከሉ፣ በላዩ አሮጌ ቆርቆሮ መቱበት። ጠባቡ ላይ ግን መትከል አልተቻለም፤ ጉተማ አንዴ ዶማውን ሲያሳርፍ አፈሩ ተገምሶ ውሃው ውስጥ ገባ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ እንኳን አጣና እኔም አልቆምም» አለ ወደ ኋላ እየተሳበ።

«እንግዲያው በሁለቱም ጫፉ እንዝጋው። ማንም እንዳይገባበት።»

ከግንብ አጥሩ በላይ የአንዲት አሮጊት ጭንቅላት ብቅ አለ። እማማ ወለተጻድቅ ናቸው፤ ወንበር ላይ ቆመው።

«አንቺ ጴንጤ! ዛሬ ደግሞ በመዶሻ ነው የምትጸልዩት?»

«አዎ እማማ። አሜን በሉ።»

«ለዚህስ አሜን። ይሄን ባሕር ጎኔ ካስቀመጣችሁ ወዲህ የልጅ ልጆቼን በር ቆልፌ ነው የማሳድረው።» ወደ ጉተማ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያን እንጨት ከግንቤ ብረት ጋር እሰረው። ጠበቅ አድርገህ! የሰው ግንብ መስሎህ ታባብለዋለህ እንዴ?»

በሁለቱም ጫፍ ታሰረ። ሽንት ቤት ለመሄድ በአዳራሹ ፊት ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ። ልጆቹ አንድ ቀን አጉረመረሙ፤ በማግስቱ መንገዱን ለመዱት።

ረቡዕ ግን አጥሩ አልነበረም። ኮሚቴው ነቅሎ አጣናውን ከአዳራሹ ጎን ደርድሮታል፤ ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ከአጭሩ ለይቶ። ጋሽ ጥሩነህ ደውለው ነገሯት። «ንብረትሽን በክብር ነው ያስቀመጥነው። አንድም አልተሰበረ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለመልሶ መትከል ይመቻል።»

መልሳ ተከለችው። ሐሙስ ለት፣ ዝናቡ እየዘነበ። ጉተማ «እትዬ፣ በየቀኑ የምንተክል ከሆነ ማጠፊያ እንሥራለት እንዴ?» እያለ ይስቅባታል። ሥራው ሲያልቅ ዘመነች መጣች። ሆሳዕናን ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች፤ ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀብራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ትጮኻለች።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ዘመነች። «ያን ቀን ምስክርነት ላይ ከእርስዎ ጋር መቆም ነበረብኝ። ጌታ ልጄን አትርፎልኝ ሳለ ማጉረምረም እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ቅዳሜ ደግሞ ልጅቷ ከሁሉም ፊት ትቅደም ብለውኛል። ተአምር የተደረገላት እሷ ስለሆነች።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ዘመነች መሬት መሬት አየች። «እሺ አልኩ።»

ሙሉወርቅ አልተቆጣቻትም። መዶሻውን ለጉተማ ሰጠችውና ልጅቷን ጭንቅላቷን ዳበሰቻት።

ዓርብ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ጠሯት። በቢሮው ጠባብ ክፍል ፓስተር አምላኩ፣ ጋሽ ጥሩነህና ሌሎች ሦስት ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ መነጽር ያደረጉት፣ ጀመሩ። አጥሩ የተነገረውን ቃል የሚቃወም የአለማመን ሥራ እንደሆነ፣ ደካሞችን እንደሚያሰናክል፣ ለጠላት በር እንደሚከፍት ተናገሩ።

«ጠላት በበር የሚገባ ከሆነ እኮ አጥር ነው የሚያስፈልገው» አለች ሙሉወርቅ።

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም አባቴ። ሙሴ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው አህያ ከወደቀበት ይጠየቃል አላለም? እኛ ጋ የወደቀችው አህያ አይደለችም።»

«ያ የድሮ ሕግ ነው። እኛ ያለነው በጸጋ ነው።»

«ኢያሪኮስ መቼ የሆነ ነው? አምና?»

ፓስተር አምላኩ አሳላቸው። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየለትም። ባለ መነጽሩ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ አስቀድመው የተማከሩበት የሚመስል ነገር ተናገሩ። አጥሩ ዛሬ ይነሣል። ዳግመኛ ብትተክለው ከእናቶች ኅብረት ሰብሳቢነት ትወርዳለች፤ ንስሐ እስክትገባም ከጌታ እራት ትታገዳለች።

የኋለኛው ሙሉወርቅን ደረቷ ላይ መታት። ኅብረቱን ለሌላ ሴት ነገ ብትሰጥ ደስ ይላታል። እራቱን ግን ከተጠመቀች ወዲህ ታማ እንኳ ቀርታበት አታውቅም። አይኗ ሲሞላ ታወቃትና ቀና አለች፤ እንዳይፈስ።

«ከኅብረቱ አውርዱኝ» አለች። «ከእራቱም አግዱኝ። ያማል፤ እችለዋለሁ። ልጅ ቀብሬ ግን እዚያ ማዕድ ላይ እጄን መዘርጋት አልችልም። እናንተ የምትችሉ ከሆነ ንገሩኝ፤ ከእናንተ ልማር።»

ጋሽ ጥሩነህ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየጠረጉ ነበር፤ አቧራ የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ስትመጣ አጥሩ ተነቅሏል። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ውሃው ከጠርዙ ሊተካከል ጥቂት ቀርቶታል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ተሰልፏል። ከፊት ልጆቹ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፤ ከሁሉም ፊት ሆሳዕና። ዘመነች ከልጇ ኋላ ቆማለች። ሙሉወርቅ ማንንም ሳታናግር በሰልፉ ጎን አልፋ ሄደችና ጠባቡ ጠርዝ የሚጀምርበት ላይ ቆመች። ጀርባዋን ለውሃው፣ ፊቷን ለሕዝቡ አዞረች። በአንድ እጇ የእማማ ወለተጻድቅን የግንብ ብረት ያዘች።

መዝሙሩ ተነሣ። ሰልፉ አንዱን ጎን ጨርሶ ጥጉ ጋ ደረሰና ቆመ።

«እህት ሙሉወርቅ» አሉ ፓስተር አምላኩ ልስልስ ባለ ድምፅ፣ «እባክሽ።»

«አላሳልፍም ፓስተር።»

«ጉድ ፈላ!» የሚል ድምፅ ከግንቡ በላይ ተሰማ። እማማ ወለተጻድቅ ወንበራቸው ላይ ወጥተዋል።

ከሰልፉ መሐል «ገፍተን እንለፍ!» የሚል ተነሣ። ሌላው «ዲያብሎስ ነው ያቆማት!» አለ። ሙሉወርቅ ተናጋሪውን አወቀችው፤ ያን ለት ኮቱን ጥሎ ሊዘል የነበረው ሰው ነው።

«ቀበቶህን የያዘህም እሱ ነበር?» አለችው።

ሰውዬው ከፊቱ ካለው ሰው ኋላ ተከለለ።

ጋሽ ጥሩነህ ከሰልፉ ወጥተው ፊቷ ቆሙ። ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር፤ ጫማቸው ተወልውሏል። «እኔ ልለፍ» አሉ። «አንድ ሽማግሌ በዚህ ካለፈ ማንም ያልፋል። ስታይ ታምኛለሽ።»

«እርስዎን አልከለክልም ጋሼ። ለራስዎ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የምከለክለው ልጆቹን ነው።»

ግንቡ ላይ ተለጠፈችላቸው። ጋሽ ጥሩነህ ጎኗን ታክከው ወደ ጠርዙ ገቡ። መዝሙሩ ቆሟል። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤ ግንቡን ሳይነኩ፣ ቀጥ ብለው። መሐል ሲደርሱ ከተረከዛቸው ስር የአፈር ቁራጭ ተላቆ ውሃው ውስጥ ወደቀና ጧ አለ። ሴቶች ጮኹ። እሳቸው አልቆሙም። ማዶ ደርሰው መሬቱ ሰፋ ካለበት ዞሩ፤ ፊታቸው ወዝቷል።

«አያችሁ?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «አያችሁ!»

ሰልፉ በእልልታ ተናወጠ። «ጌታ ይመስገን!» እያለ ሰዉ ወደፊት ገፋ፤ የልጆቹ መስመር ተንቀሳቀሰ። ሙሉወርቅ ከግንቡ ተላቃ እንደገና ጠርዙ መሐል ቆመች። አሁን ምን ትላለች? ሰውዬው አልፈዋል። ሁሉም አይቷል።

«አለፉ» አለች ጮክ ብላ። «እኔም አየሁ። ተመስገን! እኔ ሁሉም ይወድቃል መች አልኩ? አንዱ ይወድቃል ነው ያልኩት።» አይኗ በልጆቹ ሰልፍ ላይ ሄደ፣ ከፊት እስከ ኋላ። «የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ። እሱን አስቀሩልኝና ሌሎቹን ላሳልፍ። ማነው? ይሄ ነው? ይቺ ናት? ንገሩኝ እንጂ!»

እልልታው በየአፉ ቀረ። አንዲት ሴት የልጇን እጅ ከጎረቤቱ ልጅ እጅ አላቀቀች።

ዘመነች ከሰልፉ ወጣች። ልጇን አቅፋ አነሣችና፣ በዚያ ነጭ ቀሚሷ ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«የኔ አታልፍም» አለች። «አንዴ ወጥታልኛለች። ሁለተኛ አልጠይቀውም።»

«እህት ዘመነች፣ ተነሺ» አሉ ባለ መነጽሩ ሽማግሌ።

«አልነሣም። ከፈለጋችሁ ከእትዬ ሙሉወርቅ ጋር እኔንም አግዱኝ። ልጄም ትታገድ።»

አጠገቧ የነበረች ሴት ተቀመጠች። ከዚያ ሌላ። ከዘማሪዎቹም ሁለቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አባቶች ልጆቻቸውን መጥራት ጀመሩ፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ፣ አንዳንዱ እንደተቆጣ ሰው አስመስሎ። የልጆቹ ሰልፍ እዚያው ፈረሰ። ጥቂቶች ተናደው ወደ አዳራሹ ተመለሱ፤ «አለማመናችሁ ነው ግንባታውን የያዘው» እያሉ። አልተከለከሉም።

ጋሽ ጥሩነህ ማዶ ብቻቸውን ቀሩ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። በእሳቸውና በሕዝቡ መካከል ያለው ያ ጠባብ ጠርዝ ነው፤ ከተላቀቀው አፈር ስፍራ ላይ ውሃው ትንሽ ትንሽ ይገባል። ሰው ሁሉ ይመለከታቸዋል፤ ይመለሳሉ ብሎ ይጠብቃል። ወደ ጠርዙ አንድ እግራቸውን አቀረቡ። አፈሩን አዩ፣ ውሃውን አዩ። ከዚያ እግራቸውን ሰበሰቡና ዞሩ። በሰፊው በኩል፣ ሦስቱን ጎን ረጅሙን መንገድ፣ ራሳቸውን ደፍተው ተራመዱ። ጭቃው ጫማቸውን እየያዘ ጊዜ ወሰደባቸው። ማንም አልዘመረም፣ ማንም አልሳቀም።

ሲደርሱ ሙሉወርቅ ከጠርዙ ወጥታ አጣናዎቹን ከተደረደሩበት መጎተት ጀምራለች። ዘመነች ልጇን ለሌላ ሴት ሰጥታ የአንዱን ጫፍ ይዛላታለች። ጋሽ ጥሩነህ አጠገባቸው ቆሙ። እንዳይቀመጡ ጭቃ ነው፤ እንዳይሄዱም የሚሄዱበትን አላወቁም።

«ምነው በዚያ አልተመለሱም ጋሼ?» አለች ሙሉወርቅ፣ አጣናውን ሳትለቅ።

ውሃውን አይተው «ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ይጠሩሻል» አሉ። «እገዳው አልተነሣም። እኔም እንዲነሣ ድምፅ አልሰጥም።»

«እመጣለሁ።»

«አጥሩንም ያስነቅሉት ይሆናል።»

«መልሼ እተክለዋለሁ» አለች። «አጣና ሞልቶኛል፣ ጋሼ። ከእናንተ ጉልበትና ከእኔ አጣና የቱ ቀድሞ እንደሚያልቅ እናያለን።»

ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን አጣና መሬት ላይ አቆመችና መዶሻውን አነሣች።